«ፈርሶ የሚሠራ» ስለተባለው ቤት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ስለወጣ አንድ የቤት ሽያጭ ልጽፍላችሁ ነው። ማስታወቂያው አጭር ነው። «በጣና ዳር፣ በዘጌ መንገድ፣ 1,400 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ለሎጅ ወይም ለጌስት ሃውስ የሚመች፣ እይታው ልዩ፣ በውስጡ አሮጌ ጋጣ ያለው፣ ፈርሶ የሚሠራ» ይላል። ከሥሩ የደላላው ስልክ አለ።

አሮጌ ጋጣ የተባለው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሰፊ ሳሎንና ማድ ቤት አለው። ድሮ ጭድ ይጫንበት የነበረው ቆጥ ደግሞ ዛሬ መጻሕፍት የተደረደሩበት ክፍል ነው። ዙሪያው ያለውን አትክልት ከንድፉ ጀምሮ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የፍራፍሬ ችግኝ ነበር። እንጨቱንና ግድግዳውን የሠሩት ደግሞ አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። እሳቸው ጋዜጣ አያነቡም። ማስታወቂያውን ሳነብላቸው «ማን ነው የሚያፈርሰው?» ብለው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

የቤቱ ባለቤት ወዳጄ ናት። የምትሸጠው ወዳ አይደለም። ልጆቿ አዲስ አበባ ገቡ፣ ባሏም ሥራው እዚያው ሆነ። እሷም ማስታወቂያውን ቀድማ አላየችውም። ለደላላው በቃል ነግራው እሱ ነው ያጻፈው። ልጽፍ ነው ስላት «የቤቱን ቁጥር ብቻ እንዳትናገሪ» አለችኝ። አልናገርም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በሀገራችን መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ያው አንቀጽ ወረድ ብሎ በንዑስ አንቀጽ 7 ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ የገነባውን ቋሚ ንብረትና ያደረገውን ቋሚ መሻሻል የመሸጥና የማውረስ መብት ይሰጠዋል። በሌላ አነጋገር የሚሸጠው ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ጉድጓዱና ዛፉ ነው። ይህ ግቢ ደግሞ ወደ ከተማ ከተካለለ የቆየ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ እንደሚለው፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለ መሬቱ ሒሳብ የሚኖረው ከመንግሥት ጋር ነው። ለወዳጄ የሚከፍላት ለቤቱና ለአትክልቱ ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ሊሸጥ የማይችለውን ካሬ በካሬ ቆጥሮ፣ የሚሸጠውን «ፈርሶ የሚሠራ» ብሎ አለፈው። ይህ ምን የሚሉት ነው?

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። በተግባር ሰው የሚከፍለው ለቦታው ነው። ደላላውም ሞኝ አይደለም። «እትዬ፣ ገዢ የሚጠይቀኝ ስንት ካሬ ነው ብሎ ነው፤ ስንት ዛፍ አለው ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ግን አንድም ቀን ዛፉን ጽፎ አያውቅም። ያልተጻፈውን ማን ይጠይቀዋል? እኔ የምለው ይኸው ነው። የሚሸጠው ነገር ይጻፍ። ገዢው አይቶ አፈርሳለሁ ካለ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ሳያየው ግን አስቀድመን አናፍርስበት።

ስለዚህ ማስታወቂያው ያልጻፈውን እኔ ልጻፍ።

ቤቱ ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር ነው። የሠሩት የወዳጄ አያት ናቸው። ግድግዳው በአካባቢያችን የሚወጣው ጥቁር ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ነው፤ በጭቃ የተያያዘ፣ ውፍረቱ ከክንድ በላይ። ምሰሶዎቹ ወይራ ናቸው። ወራጁ ጽድ ነው። ምስጥ ይህን ያህል ዘመን ያልደፈረው በዚህ ነው፤ ወይራና ጽድ ለምስጥ አይመቹም። ባህር ዛፍ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራለት ቤት አይኖርም ነበር። ድሮ በአንድ ወገን ከብት ይታሰር፣ በሌላው ወገን ጎታዎቹ ይቆሙ፣ ከላይ ቆጡ ላይ ጭድ ይጫን ነበር። መስኮት የሚባል የለውም። ነገር ግን ትይዩ የሆኑ ሁለት ትልልቅ በሮች አሉት፤ አንዱ ወደ አውድማው፣ አንዱ ወደ ሐይቁ። በአንዱ ከብት ይገባ፣ በሌላው አዛባ ይወጣ ነበር። ከሐይቁ የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ በሁለቱ መሐል ያልፍና ቤቱን ያደርቀዋል።

እንግሊዝ አገር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሳቀች። እዚያም የድሮ የገበሬ መውቂያ ቤቶች ትይዩ ትልልቅ በሮች አሏቸው አለች። እህሉ በመሐል ይወቃና በነፋሱ ይዘራል። እኛ አውድማውን ውጪ አደረግነው፣ እነሱ ዝናቡ ስለማያምን ጣሪያ ሥር አስገቡት። መሣሪያ መጥቶ መውቂያ ቤቶቹ ባዶ ሲቀሩ ሰዎች ወደ መኖሪያ ይለውጧቸው ጀመር። በእነሱ አቆጣጠር ከ2014 ወዲህማ የእርሻ ሕንፃን ወደ መኖሪያ ለመለወጥ ፈቃዱን የሚያቀል ደንብ ወጥቶላቸዋል። ያ ትልቅ በር መስታወት ይገባበትና የሳሎን መስኮት ይሆናል። አንዱን እንዲህ ያለ ቤት ለሽያጭ ሲያስተዋውቁት አሳየችኝ። የወራጁ እንጨት ኦክ መሆኑን ጽፈዋል። አትክልቱን ባለሙያ እንደነደፈው ጽፈዋል። የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ሳይቀር ጽፈዋል። ካሬው ከታች በትንሽ ፊደል ነው።

ቅናት አይደለም። ትንሽ ነው ቅናቱ።

የእኛንም በር እንደዚያው አደረግነው። የአናጢው ሐሳብ ነበር። ወዳጄ ግድግዳውን በስታ መስኮት ማውጣት ፈልጋ ነበር። እሳቸው ግን «በጭቃ የተሠራ ድንጋይ አንዱን ስታወጪው ሌላው ይከተለዋል» ብለው እምቢ አሉ። በምትኩ ሁለቱን በሮች በመስታወት ዘጉ፤ የሐይቁ ወገን ይከፈታል፣ የአውድማው ወገን ግማሹ ብቻ። ለመኝታ ቤቶቹ ከግድግዳው አናት፣ ድሮ አየር ይገባበት ከነበረው ክፍተት ብርሃን አስገቡ። ጠዋት ፀሐዩ በዚያ ገብቶ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ያርፋል።

ዋናው ችግር የነበረው ከብቱ ነው። ከብቱ ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ ሽንቱ ግን አልሄደም። ይህን ገዢውም፣ ሌላም ጋጣ ወይም በረት ወደ ቤት ሊለውጥ ያሰበ ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ከብት ለዓመታት የቆመበት ወለልና የግድግዳው የታችኛው ክፍል ጨው ይጠጣል። ጨዉ እርጥበት ሲያገኝ ይሟሟል። ሲደርቅ ወደ ላይ ይወጣና ነጭ ዱቄት ይሆናል። እየወጣ ልስኑን ከግድግዳው ይገፋዋል። በላዩ ሲሚንቶ ከለሰንክበት ይብስበታል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል እንጂ አያስወጣውም። ለአንድ ዓመት ያምራል፤ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ከተማው ዳር ላይ በሲሚንቶ ተለስነው የተላላጡ የጭቃ ቤቶችን ያላየ የለም። ሰው ጭቃውን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የጭቃው አይደለም።

አናጢው ያደረጉት እንዲህ ነው። ወለሉን እስከ ጉልበት ድረስ አስቆፈሩና ያን ጥቁር አፈር በሙሉ አስወጡት። ከሥር ድንጋይ ከሰከሱ። ግድግዳውን ደጋግመው በደረቅ መጥረጊያ አስጠረጉ። ከዚያ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ሰነባብቶ የቦካ ጭቃ ለሰኑበት። ጭቃው ካልሸተተ አልቦካም ይላሉ፤ በእርግጥም ሠፈሩ ሸቶ ነበር። ይህ ልስን ጨዉን እየጠጣ ያወጣል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከታች ያለው ክፍል ይፋቅና በአዲስ ይተካል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን መሠራት አለበት። ይህን የማይወድ ሰው ይህን ቤት አይግዛ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሳሩ በደርግ ጊዜ ነው የወረደው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲመታው ስልክ ማነጋገር አይቻልም ነበር። አሁን ከሥሩ ከእንጅባራ የመጣ የቀርከሃ ኮርኒስ አለ። በመካከላቸው አየር ያልፋል። ሙቀቱንም ጩኸቱንም ቀንሶታል። ጨርሶ አጥፍቶታል ብዬ ግን አልዋሽም።

አሁን ወደ እኔው ነገር እንሂድ፤ እስካሁን ስለ ግድግዳ ያወራሁት ለአናጢው ብዬ ነው።

ባሕር ዳር ላይ አትክልት የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ አበባ አይመርጥም። ውሃውን ነው የሚያስበው። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብልናል። ብዙ ነው። ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ መውረዱ ነው። በክረምት ሥሩ ይበሰብሳል፣ በበጋ ቅጠሉ ይነዳል። ስለዚህ በዚህ ግቢ ቀድሞ የተሠራው አሸንዳውና ገንዳው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያው 100 ካሬ ገደማ ስለሆነ በዓመት ወደ 140,000 ሊትር ውሃ ይወርድበታል። ከብቱ በነበረበት ዘመን አዛባ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነበር። እሱን አስፍተን፣ በድንጋይ ገንብተን 20,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አደረግነው። ሲሞላ የሚተርፈው በቦይ ወደ ቡናው ይሄዳል። ቡናው ጠግቦ የተረፈው ወደ ሐይቁ ዳር። ከሰኔ በፊት አሸንዳው መጠረግ፣ ገንዳው መታጠብ አለበት። ዘንድሮ እስካሁን አልታጠበም። ገዢ ቶሎ ከተገኘ ይህን ከውሉ ጋር ጻፉለት።

ከወለሉ የወጣውን ጥቁር አፈር ያስታውሳሉ? አናጢው ሊያስጥሉት ነበር። እኔ ለመንኳቸው። የዘመናት ፍግ ነው። ነገር ግን ጨው አለበት፤ ወዲያው ከተከሉበት ችግኝ ያቃጥላል። አንድ ክረምት ሙሉ ሜዳ ላይ ተበትኖ ዝናብ እንዲያጥበው አደረግን። በማግስቱ ዓመት ከቀዩ አፈር ጋር ቀላቅለን መደቦቹን ሠራንበት። ሎሚው የሚያፈራው በዚያ ላይ ነው። ኑና እዩት።

አውድማው የግቢው እምብርት ነው። ክብ ነው፣ በበሬ ኮቴ ለዘመናት የተጠቀጠቀ። አንድ እንግዳ «ሴራሚክ ቢለብስ» ብሎ ነበር። ሌላው ሳር ይተከልበት አለ። በዚያ መሬት ላይ ሳር ለማብቀል መቆፈር ያስፈልጋል፤ የማይቆፈረውን ደግሞ ለምን እንቆፍረዋለን? በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል። ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። ሌላው አትክልት ሁሉ ከአውድማው ተነስቶ ወደ ሐይቁ በእርከን ይወርዳል።

በማድ ቤቱ በር ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል አሉ። ሙያተኛ ሴት ወጥ እየሠራች እጇን ዘርግታ የምትቀጥፋቸው ናቸው። ሙያተኛ ወንድም ቢሆን ያው ነው። ከእነሱ ወዲያ ጌሾ አለ፤ ባለቤቷ ለፋሲካ ጠላዋን የምትጠምቀው ከራሷ ጌሾ ነው። ከጌሾው በታች ሎሚና ዘይቱን። ማንጎውን ግን ብዙ አታስቡት። የዘጌ መንገድ ጦጣ ከሰው ቀድሞ ነው የሚቀምሰው።

ከዚያ ዋንዛና ዶቅማ ይመጣሉ። ዋንዛው ቀድሞ የነበረ ነው፤ ዶቅማዎቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። በእነሱ ጥላ ቡና አለ። ይህን ከዘጌ ነው የቀዳሁት። ዘጌ የሄደ ሰው ያውቀዋል። የዑራ ኪዳነ ምሕረት መንገድ ሁሉ ቡና ነው፣ ከላዩ ትልልቅ ዛፍ። እዚያ በበሬ አይታረስም፤ ልማዱን የደብሩ አባቶች አቆዩት፣ ደኑም በዚያ ቆየ። ቡና ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ያፈራል፤ ዛፉ የሚያራግፈው ቅጠል ደግሞ ፍግ ይሆነዋል። በጋ ሙሉ እምቡጡን ይዞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ብሎ ሳምንት ሲያልፍ በአንዴ ነጭ ይለብሳል። ሽታው ሳሎን ድረስ ይገባል። «እይታው ልዩ» የተባለው ይህ ቢሆን ኖሮ አልቆጣም ነበር።

ስለ እይታ ካነሳን ደላላውን ላጋልጠው። ከቤቱ በር ላይ ሆናችሁ ሐይቁን በደንብ አታዩትም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ደንገል ፊት ለፊት ቆሟል። ከቆጡ ላይ ከሆነ ይታያል። ቤቱን ሊያዩ ከመጡት አንዱ «ይቺን ሳር አጭዳችሁ ብትጠብቁኝ» ብለው ነበር። ደንገል ሳር አይደለም። ከከተማና ከእርሻ የሚወርደውን ደለል የሚይዘው እሱ ነው። ዓሣ የሚራባው እዚያ ውስጥ ነው። ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩት ከዚሁ ነው። በጣና ዙሪያ ደንገል እየሳሳ መሄዱን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያያል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ) ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎን ነበር፤ ደስታው ግን ደንገል ሲታጨድ አያስጥልም። እኔ እንዲያውም የማድ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ውሃ በቀጥታ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ በትንሽ ኩሬ ደንገልና ኮባ ተክያለሁ። ቆሻሻው እነሱ ዘንድ ይቀራል። ኮባውም ለዳቦ መጋገሪያ ይሆናል።

በዚያች ኩሬ የመጣብኝ ጣጣም አለ። አንዲት የከተማ ወይዘሮ ኩሬውን አይተው «ያቺ ሐምራዊ አበባ ብትጨመርበት እንዴት ባማረ» አሉኝ። እምቦጭን ማለታቸው ነው! እውነት ለመናገር አበባው ያምራል። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰውም በውበቱ ነው፤ ሰው ለኩሬው ጌጥ ብሎ ነው ይዞት የዞረው። ጣና ላይ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ታይቶ እስከ ዛሬ ስንቱ ገበሬ እጁ እስኪላጥ እንደነቀለው እናውቃለን። ወይዘሮዋን ቡና አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ለማንኛውም፣ አዲሱ ባለቤት ይህን እንዳያደርግ አደራ። የወፍ ቆሎም እንዳይተክል። እሱም አበባው ያምርና ወፍ በየቦታው ይዘራዋል።

ሌላ መታወቅ ያለበት ጉማሬ ነው። ሌሊት ወጥቶ ይግጣል። መጀመሪያ ላይ የታችኛውን መደብ እንዳለ በልቶብን ነበር። አሁን በድንጋይ ካብና በቅንጭብ አጥር ዘግተናል። ቅንጭቡ ሲቆረጥ ወተቱ ዓይን ያጠፋልና አትክልተኛው ይጠንቀቅ። ጉማሬን የሚያክል ነገር ሳይጻፍ «ለሎጅ የሚመች» መባሉም ገርሞኛል። ማታ እንግዳው ደንገሉ ዳር ሽር ብሎ ሲወጣ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ደላላው አላሰበበትም።

አበባ የለም እንዳትሉኝ። ጽጌረዳ አለ፤ የባለቤቷ ነው፣ እኔ ብዙም አልወደውም፣ ውሃ ይጨርሳል። በመንገዱ በኩል ቡገንቪላ ካቡ ላይ ወጥቷል። እኔ የምኮራበት ግን ከአውድማው በታች ያለው የአደይ ሜዳ ነው። ማንም አልዘራውም። ምስጢሩ አለማጨድ ነው። ሰው እንቁጣጣሽ ደረሰ ብሎ ነሐሴ ላይ ግቢውን ያስጭዳል፣ ከዚያ አደይ ከገበያ ይገዛል። አደዩ እኮ የታጨደው ውስጥ ነበር። እዚህ ግቢ ሳሩ የሚታጨደው አደዩ አብቦ፣ ፍሬው ረግፎ ካበቃ በኋላ ነው። በየዓመቱ ሜዳው ሰፍቷል። ሐምሌ ላይ መጥቶ የሚያይ ሰው ግቢው የተተወ ይመስለዋል። ይህንንም ለገዢ ንገሩልኝ፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጭድ መግዛት ነው።

ጉድለቱንም ልናገር፤ ማስታወቂያ እውነት ይሁን ካልኩ። መንገዱ ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፤ ትንሽ መኪና ይይዛል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። የአውድማው በር ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጊዜውም ጊዜ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ለመኖር ዛሬ ሰው ሁለቴ ያስባል፤ ባለቤቷም ዋጋውን ያንን አስባ ነው የቆረጠችው። ስንት እንደሆነ ለመጣ ሰው ትናገር።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ማስታወቂያ ተቀባያችሁ የቤት ሽያጭ ሲመጣለት ከካሬውና ከካርታው በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ግድግዳውና ጣሪያው ከምን ነው? ውሃው ከየት ነው? ግቢው ውስጥ የቆመ ምን ዛፍ አለ? መልሱ ሁለት መስመር ነው የሚጨምረው። የሁለት መስመር ዋጋ ከዛፍ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። «ፈርሶ የሚሠራ» የምትለዋን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ካላላት ባትጽፏት ይሻላል። ያችን ቃል ያነበበ ገዢ ቤቱን ለማየት የሚመጣው በልቡ ዶዘር ይዞ ነው።

ለምሳሌ ያህል የዚህን ቤት እንዲህ ብትጽፉት፦

«በዘጌ መንገድ፣ ከጣና ዳር። ከወይራ ምሰሶና ከጽድ ወራጅ የተሠራ፣ የድንጋይ ግድግዳ ያለው ጋጣና ጎተራ የነበረ፤ ታድሶ መኖሪያ የሆነ። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ ቆጥ። 20,000 ሊትር የዝናብ ውሃ ገንዳ። የቡና፣ የሎሚ፣ የጌሾና የቅመም አትክልት፤ ዋንዛና ዶቅማ፤ አውድማ፤ የአደይ ሜዳ። ደንገሉ አይታጨድም። 1,400 ካሬ፣ ነባር ይዞታ፣ ካርታ ያለው። ግድግዳው በየሁለት ሦስት ዓመቱ በጭቃ ይለሰናል። ጉማሬ አለ።»

ደላላው ይህን ሳነብለት «ጉማሬዋን እንተዋት» አለኝ። ተደራድረን አውድማውን ከፍ አድርገን ጉማሬውን መጨረሻ ላይ አደረግነው። በዚሁ ይውጣልን። ሒሳቡን ባለቤቷ ትከፍላለች።

ማየት የሚፈልግ ሰው በማለዳ ይምጣ። ዘበኛው እስከ አራት ሰዓት ድረስ አትክልት ያጠጣል፣ ከዚያ ወደ ገበያ ይሄዳል። አናጢውም በእግዜር ፈቃድ በሕይወትና በጤና አሉ፤ ስለ ግድግዳው የሚጠይቅ ካለ መጥተው ያስረዳሉ። ሲሚንቶ የሚለውን ቃል ግን ፊታቸው ባያነሱ ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ጡረተኛዋ የችግኝ ባለሙያ
ባሕር ዳር